ሰስፔንሽኑን ሳይበትኑ የኮሮላን የፊት ሰብፍሬም ማውረድ

ቡሎኑ ተፈትቷል፤ በእጅ ይዞራል፤ ግን አይወጣም። ጭንቅላቱ ካምቢዮውን ነክቶ ይቆማል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን ዘጠነኛ ትውልድ ኮሮላ በግራ በኩል የታችኛውን ክንድ (ጎማውን ከሥር ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ብረት) ሊቀይር መኪናው ሥር የተኛ ሰው ይህን ቅጽበት ያውቀዋል። ክንዱን የሚያስረው የፊተኛው ቡሎን ሙሉ በሙሉ ለመውጣት የሚበቃ ቦታ የለውም። ወይ ሞተሩ ከፍ ማለት አለበት፣ ወይ ሰብፍሬሙ ዝቅ ማለት አለበት። ቡሎኑን በመጋዝ ቆርጦ የሚገላገልም አለ፤ አዲሱን ቡሎን በዚያው አቅጣጫ መልሶ ለማስገባት ግን ያው ችግር ይጠብቀዋል።

ሰብፍሬም፣ አንዳንዱ ክሮስሜምበር የሚለው፣ ከሞተሩ ሥር በስተኋላ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው ወፍራም ብረት ነው። ሁለቱ የታችኛ ክንዶች፣ ስታቢላይዘሩ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) እና የመሪ ሳጥኑ እሱ ላይ ይታሰራሉ። ሞተሩም ከታች በኩል እንዳይወዛወዝ የሚይዘው በእሱና ከእሱ ጋር በተያያዘው መካከለኛ ብረት ነው። ክንድ ለመቀየር፣ የሚያፈስ የመሪ ሳጥን ለማውጣት፣ የስታቢላይዘር ጎማዎችን ለመለወጥ፣ ወይም ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የተጣመመውን ሰብፍሬም ራሱን ለመተካት መውረድ ይኖርበታል።

ሥራው በብዙ ጋራዦች ሲሠራ ያየሁት ግን የፊት እግሩን በሙሉ በመበተን ነው። የፍሬን ካሊፐር ይወርዳል፣ የሴሚያሱ (ከካምቢዮው ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ትልቅ ዳዶ ይፈታል፣ ሾክ አብዞርበሩ ከነሞላው ይነሳል፣ በመጨረሻ ሰብፍሬሙ ይመጣል። ከዚያ የተበተነው ሁሉ መመለስ አለበት። ሾክ አብዞርበሩን ከጎማ ተሸካሚው ብረት ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች በቀዳዳቸው ውስጥ ትንሽ ልቅነት ስላላቸው፣ አንዴ ከተፈቱ የጎማው ዘንበል ማለት ይለወጣል። ሴሚያሱ ሲወጣ የካምቢዮው ዘይት መያዣ ጎማ ሊቀደድ ይችላል። የተንጠለጠለ ካሊፐር የፍሬን ቱቦውን ይጎትታል። ባለቤቱ ለአንድ ክንድ ብሎ ያመጣው መኪና ሦስት አዳዲስ ሕመሞች ይዞ ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከነዚህ ውስጥ አንዱንም መንካት አያስፈልግም።

ሰብፍሬሙ ከቀረው መኪና ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። በየጎኑ አንድ ቦል ጆይንት (ክንዱን ከጎማ ተሸካሚው ብረት ጋር የሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ)፣ በየጎኑ አንድ የስታቢላይዘር ሊንክ (ስታቢላይዘሩን ከሾክ አብዞርበሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ)፣ መሪው፣ የሞተሩ የታች መያዣዎች፣ እና ከቦዲው ጋር የሚያስሩት ትላልቅ ቡሎኖች ናቸው። እነዚህ ብቻ ሲለያዩ ሰብፍሬሙ ሁለቱን ክንዶችና ስታቢላይዘሩን እንደያዘ በአንድነት ይወርዳል። ጎማ ተሸካሚው ብረት፣ ፍሬኑ፣ ሴሚያሱና ሾክ አብዞርበሩ ባሉበት ተንጠልጥለው ይቆያሉ።

ከታች ያለው አሠራር ከ2000 እስከ 2008 ድረስ የተሠሩትን፣ የውስጥ መለያቸው ኢ120 የሆነውን ኮሮላዎች መሠረት ያደረገ ነው። 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ፣ 1.6 ሊትሩ 3ዜድዜድ፣ 1.4 ሊትሩ 4ዜድዜድ ሞተር ቢኖራቸውም ከታች ያለው አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ በአግድም የተቀመጠና የፊት ጎማ የሚጎትት ሌላ መኪና ያላችሁም ቅደም ተከተሉን መከተል ትችላላችሁ፤ የቡሎኖቹን ቦታና ቁጥር ግን ከራሳችሁ መኪና አረጋግጡ።

ከአንድ ቀን በፊት

ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው። ከሥር ገብታችሁ የሰብፍሬሙን ትላልቅ ቡሎኖች፣ የቦል ጆይንቱን ቡሎንና ዳዶዎች፣ የስታቢላይዘር ሊንኮቹን ዳዶዎች በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ዝገት ፈቺ ዘይት እርጩባቸውና አሳድሩት። ጠዋት ደግሞ ድገሙት።

መኪናው ከየት እንደመጣ መጠየቅ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የመጣ ኮሮላ ጎማዎቹና ቦኮላዎቹ (ክንዱ የሚታሰርባቸው ላስቲክ ያለባቸው ቀለበቶች) በሙቀት ደርቀው ቢሰነጣጠቁም ቡሎኖቹ ብዙ ጊዜ በሰላም ይፈታሉ። በክረምት መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ አካባቢዎች የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ላዩ እያብረቀረቀ ሥሩ ቅርፊት እንደያዘ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖች ዘይቱን ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ጀምሩ።

የሰብፍሬሙ ትላልቅ ቡሎኖች የሚገቡት በቦዲው ብረት ውስጥ በተበየዱ ዳዶዎች ነው። ቡሎኑ ዝጎ ከተጣበቀና በጉልበት ከተገፋ ብየዳው ይለቃል፤ ዳዶው በተዘጋው ብረት ውስጥ ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል። ያን ጊዜ ብረቱን ከፍቶ ዳዶውን ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ቡሎኑ ሲያስቸግር መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ አቅጣጫ አንቀሳቅሱት፣ ከዚያ ወደ መፍታት፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ወደ ማጥበቅ። ትዕግሥት እዚህ ላይ ከረጅም ቱቦ ይበልጣል። እሳት የምትጠቀሙ ከሆነ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች በየት እንደሚያልፉ ሳታዩ አትለኩሱ፤ የተረጨው ዘይትም ራሱ ተቀጣጣይ መሆኑን አትርሱ።

ከመሣሪያ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ ሁለት ክሪክ፣ አራት ጠንካራ የብረት መቆሚያ፣ ሞተሩን ከላይ የሚይዝ አግዳሚ ብረትና ሰንሰለት፣ ከ10 እስከ 21 ቁጥር ቡሶላዎች ከነማራዘሚያቸው፣ ረጅም እጀታ፣ ረጅም የብረት መፈንቀያ፣ ቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን የሚለካ ቁልፍ)፣ ጠንካራ ገመድ፣ ነጭ ቀለም። ሁለተኛ ሰውም ያስፈልጋል። ሰብፍሬሙ ከነክንዶቹ ብቻውን በሆነ ሰው ደረት ላይ መውረድ የለበትም።

መሪውን አስቀድሞ ማሰር

የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። የመሪው እጀታም ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ቀድሞውንም ዘንበል ይል ከነበረ ጻፉት፤ በኋላ ከሥራው የመጣ ነው እንዳትሉ። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ አንሱና ከ90 ሰከንድ ያላነሰ ጠብቁ፤ የአየር ከረጢቱ የያዘው ኃይል የሚለቀቀው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ መሪውን ቆልፋችሁ ቁልፉን ንቀሉ። በቁልፉ መቆለፊያ ብቻ አትተማመኑ፤ የሹፌሩን የመቀመጫ ቀበቶ በመሪው መሃል አሳልፋችሁ እሰሩት።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። በአንድ ጋራዥ የመሪ ሳጥን ወርዶ ሳለ አንድ ልጅ ሬዲዮ ሊከፍት ገብቶ በመሪው ተደግፎ ተነሳ። መሪው ከታች የሚይዘው ነገር ስላልነበረ ብዙ ጊዜ ዞረ። ከእጀታው ሥር ያለው ስፓይራል ኬብል የሚባለው፣ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ስስ ገመድ ለአየር ከረጢቱና ለጥሩምባው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ነው። የተሠራው መሪው በተለመደው ከዳር እስከ ዳር እንዲዞር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይበጠሳል። መኪናው ሥራው አልቆ ሲነሳ ጥሩምባው ዝም አለ፣ የአየር ከረጢቱ መብራት በርቶ ቀረ። ያ መኪና የሚጭነው ቤተሰብ በአደጋ ጊዜ ከፊቱ የሚከፈት ነገር አይኖረውም ማለት ነው። አንድ ቀበቶ ማሰር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ማንሳትና መደገፍ

የጎማዎቹን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ ሳለ ላላ አድርጉ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። የፊቱን ከፍ አድርጋችሁ መቆሚያዎቹን ከሰብፍሬሙ ኋላ፣ በጎን በኩል ባለው የቦዲ መደገፊያ ቦታ አኑሩ። ሰብፍሬሙ ራሱ የሚወርድ ስለሆነ በእሱ ላይ የተደገፈ መኪና በእናንተ ላይ ይወርዳል። መሬቱ አፈር ከሆነ ከመቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሳህን ይግባ፤ አፈር ጠዋት ጠንካራ ቢመስልም ከሰዓት በኋላ ይሰምጣል።

ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል መነሳት አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተነሳ ስታቢላይዘሩ ተጠምዝዞ ይቆያል፤ ሊንኩን ስትፈቱም በኃይል ይዘላል። ሁለቱ እኩል ሲንጠለጠሉ ስታቢላይዘሩ ያርፋል፤ ሊንኩም ያለ ጭቅጭቅ ይወጣል።

መኪናውን ካነሳችሁ በኋላ በትከሻችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። የሚንቀሳቀስ ከሆነ አሁን አስተካክሉ።

ሞተሩን ከላይ መያዝ

በዚህ ኮሮላ ሞተሩና ካምቢዮው በአራት መያዣዎች ተይዘዋል። ክብደቱን በዋናነት የሚሸከሙት በቀኝና በግራ ቦዲው ላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ከታች የሚገኙት የፊትና የኋላ መያዣዎች ሥራቸው ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ መከልከል ነው። አንዳንድ ሰዎች ታዲያ፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ ከያዙት ሌላ ድጋፍ ለምን ያስፈልጋል ብለው ይተዉታል።

ያስፈልጋል። ከታች ያሉት ሁለቱ ሲፈቱ ከነካምቢዮው ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ይህ ብረት በሁለቱ የላይ መያዣዎች ላይ እንደ ዥዋዥዌ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ያገለገለ የመያዣ ጎማ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም፤ ሊቀደድ ይችላል። ሞተሩ ዘንበል ሲል የራዲያተር ቱቦዎችን፣ የጭስ ማውጫውን ተጣጣፊ ክፍልና የሴሚያሶቹን የውስጥ መገጣጠሚያ ይጎትታል። በዚያ ላይ እናንተ ከሥሩ ናችሁ።

አግዳሚውን ብረት በኮፈኑ ሥር ግራና ቀኝ ባሉት ጠንካራ የቦዲ ጠርዞች ላይ አሳርፉ፤ ስሱን የመከላከያ ቆርቆሮ እንዳይጎዳ ከሥሩ እንጨት አድርጉ። ሰንሰለቱን በሞተሩ ላይ ባለው የማንሻ ቀለበት አስገብታችሁ ውጥረት እስኪይዝ ድረስ ብቻ ሳቡ። ሞተሩን ከፍ ማድረግ አላማችን አይደለም፤ ባለበት ማቆየት ነው። አግዳሚ ብረት ከሌላችሁ በጠንካራ የብረት ቱቦና በሰንሰለት ልታዘጋጁት ትችላላችሁ። ክሪክ ከዘይት ማጠራቀሚያው ሥር አድርጎ መደገፍ ግን ሁለት ጊዜ ስህተት ነው፤ ቆርቆሮው ይጨመቃል፣ ክሪኩም ሰብፍሬሙ የሚወርድበትን ቦታ ይይዛል።

መለያየት፦ ሊንክ፣ ቦል ጆይንት፣ ገመድ

ጎማዎቹን አውጡ። መጀመሪያ የሚፈታው የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ዳዶውን ስትፈቱ ውስጡ ያለው ዘንግ አብሮ የሚዞር ከሆነ ጫፉ ላይ ያለውን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ በአለን ቁልፍ ያዙት። ከላይኛው ወይም ከታችኛው ጫፉ በአንዱ ብቻ መፍታት ይበቃል። እኔ የታችኛውን እመርጣለሁ፤ ሊንኩ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ይቀራል፣ ስታቢላይዘሩ ከሰብፍሬሙ ጋር ይወርዳል።

ቦል ጆይንቱ ላይ ስትደርሱ ሁለት መንገድ አለ። ብዙ ሰው የሚሄድበት ሾጣጣውን ዘንግ ከጎማ ተሸካሚው ብረት በመዶሻ ወይም በሹካ (ለዚሁ በተሠራ ባለ ሁለት ጥርስ ብረት) ማውጣት ነው። ሹካው የላስቲክ መሸፈኛውን ይቀድደዋል፤ የተቀደደ መሸፈኛ አቧራና ውኃ ያስገባል፤ ጤነኛው ቦል ጆይንት በጥቂት ወራት ውስጥ ይላላል። ኮሮላ ግን የተሻለ መንገድ ሰጥቶናል። ቦል ጆይንቱ ከታችኛው ክንድ ጋር የታሰረው በአንድ ቡሎንና በሁለት ዳዶ ነው። እነዚህን ሦስቱን ስትፈቱ ቦል ጆይንቱ ከጎማው ጋር ይቀራል፣ ክንዱ ብቻ ነጻ ይወጣል። ሾጣጣው አልተነካም፣ መሸፈኛው አልተቀደደም። የአራተኛና የአምስተኛ ትውልድ ጎልፍ ያላችሁም ተመሳሳይ ዕድል አላችሁ፤ በእነሱ ሦስት ማሰሪያዎች ናቸው፤ ቦል ጆይንቱ በክንዱ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ክበቡት።

ሦስቱ ከተፈቱ በኋላ ረጅሙን መፈንቀያ ክንዱ ላይ አሳርፋችሁ ወደ ታች ጫኑ፤ የቦል ጆይንቱ ቡሎኖች ከክንዱ ቀዳዳ እስኪወጡ ድረስ። የክንዱ የኋላ ቦኮላ ጎማ ስለሆነ እንደ ሞላ ይመልሳል፤ እጃችሁን በክንዱና በቦል ጆይንቱ መሃል አታስገቡ።

ክንዱ እንደተለየ ጎማ ተሸካሚው ብረት ወደ ውጭ የመወዛወዝ ነጻነት ያገኛል። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ሴሚያሱን አብሮ ይጎትተዋል፤ የውስጥ መገጣጠሚያውም ከቤቱ ሊወጣ ይችላል። ከወጣ ያልተፈታ ሴሚያስ መፍታት ግድ ይሆናል፤ ስንሸሸው የነበረው ሥራ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ተሸካሚውን ብረት በገመድ ወደ ውስጥ ስባችሁ ከሾክ አብዞርበሩ ሞላ ወይም ከቦዲው ጋር እሰሩት፤ ሴሚያሱ በተለመደው ርዝመቱ እንዲቆይ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ ወደ ሌላው ሂዱ።

የመሪ ሳጥኑ፦ ይውረድ ወይስ ይንጠልጠል?

ይህ በሥራው ሁሉ ውስጥ አንድ ውሳኔ የሚጠይቅ ቦታ ነው። የምታወጡት የመሪ ሳጥኑን ራሱን ከሆነ ከሰብፍሬሙ ጋር አብሮ ይውረድ። ያን ጊዜ የሁለቱ ቴስቲኒዎች (መሪውን ከጎማ ተሸካሚው ብረት ጋር የሚያገናኙት ጫፎች) ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ሽቦ) እና ዳዶ ይፈታል፣ ቴስቲኒው በመጎተቻ ይወጣል፣ የዘይት ቱቦዎቹም ይከፈታሉ።

ለክንድ፣ ለስታቢላይዘር ወይም ለሰብፍሬም ብቻ ከሆነ ግን የመሪ ሳጥኑን ባለበት እንዲንጠለጠል ማድረግ ይሻላል። ቴስቲኒዎቹ አይነኩም፣ የዘይት ቱቦ አይከፈትም፣ አየር አይገባም። ጎማው ከወጣበት ቦታ በኩል በረጅም ማራዘሚያ የመሪ ሳጥኑን ማሰሪያዎች መድረስ ከቻላችሁ ሰብፍሬሙ ገና በቦታው ሳለ ፍቷቸውና ሳጥኑን በገመድ ወደ ላይ እሰሩት። ካልደረሳችሁ ደግሞ የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያ ከሹፌሩ እግር ሥር፣ ከፔዳሎቹ ጀርባ ፈልጉ። መገጣጠሚያውንና ዘንጉን የሚያቋርጥ አንድ ነጭ መስመር ሳሉ፤ ቡሎኑን አውጡና ለዩት። ከዚያ ሰብፍሬሙን ከአምስት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ዝቅ ስታደርጉ ማሰሪያዎቹ ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ አንድ ሰው ዐይኑን ከእነሱ ላይ አይንቀል። ቱቦዎቹን ከሰብፍሬሙ ጋር የሚይዙ ትናንሽ ማቀፊያዎች አሉ፤ እነሱንም አስቀድማችሁ ፍቱ። ብዙ የተጣመመ ቱቦ የተጣመመው በአንዲት የተረሳች ባለ 10 ቁጥር ቡሎን ምክንያት ነው።

መካከለኛው ብረትና ምልክቱ

ከፊት ወደ ኋላ በሞተሩ ሥር የሚያልፈው መካከለኛ ብረት ከመያዣዎቹ ይለያል፣ ከዚያ ይወርዳል። የጭስ ማውጫው የፊት ቱቦ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈትታችሁ ወደ ጎን እሰሩት፤ ማርሚታውን እንዳለ ተዉት።

አሁን ቀለሙን አንሱ። በእያንዳንዱ የሰብፍሬም ቡሎን ጭንቅላት ዙሪያ ክበብ ሳሉ፤ ሰብፍሬሙ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበትንም ጠርዝ በሁለት አቅጣጫ አስምሩ። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ከቡሎኖቹ ሰፋ ያለ ነው፤ ሰብፍሬሙ ሲመለስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ሁለቱም ክንዶች፣ ሁለቱም ጎማዎችና የመሪ ሳጥኑ አብረውት ይሄዳሉ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ መሪውም ዘንበል ይላል። በአንዳንድ ሞዴሎች በሰብፍሬሙና በቦዲው ላይ ትይዩ የሆኑ የማስተካከያ ቀዳዳዎች ይገኛሉ፤ እነሱ ካሉ ከቀለም የበለጠ ታማኝ ናቸው። ቀለሙ ዝገት ላይ እንዳይሆን መጀመሪያ በብሩሽ አጽዱ፤ አለበለዚያ ቅርፊቱ ሲወድቅ ምልክቱም አብሮ ይወድቃል።

ማውረድ

ሁለቱን ክሪኮች ከሰብፍሬሙ ግራና ቀኝ ሥር ጣውላ አድርጋችሁ አስጠጉ። ቡሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በጥቂቱ አላሉ፤ ከዚያ በሰያፍ ቅደም ተከተል ፍቱ። የትኛው ቡሎን ከየት እንደወጣ በካርቶን ላይ የሰብፍሬሙን ቅርጽ ሳሉና በየቦታቸው ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የተበየደውን ዳዶ አልፎ ይሄዳል፣ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ደግሞ በሁለት ጥርስ ብቻ ይይዛል።

ሁለት ሰው በአንድ ድምፅ ቀስ እያለ ክሪኮቹን ይልቀቅ። አምስት ሳንቲ ሜትር ስትወርዱ ቁሙ። ገመድ፣ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፍጥነት መለኪያ ሽቦ የተወጠረ አለ? የመሪ ሳጥኑ ከተለያየ በገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል? እንደገና አምስት ሳንቲ ሜትር። ሰብፍሬሙ የማይወርድ ከሆነ በመዶሻ አትምቱት፤ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነው። ፈልጉት።

የምትፈልጉት ያን የግራ ቡሎን ብቻ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ማውረድም ላያስፈልግ ይችላል። ቡሎኑ ካምቢዮውን ለማለፍ የሚበቃው ቦታ ሲገኝ ክሪኮቹን አቁማችሁ ሥሩን በጠንካራ እንጨት ደግፉና ክንዱን ቀይሩ።

ሰብፍሬሙ መሬት ላይ ከሆነ ግን ዕድሉን ተጠቀሙበት። የብየዳ መስመሮቹን በብሩሽ አጽድታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በካቻቢቴ ጫፍ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ብረቱ ጤነኛ ነው፣ ደንቆሮ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ በዝገት ተበልቷል። የክንዱን የኋላ ቦኮላ፣ የስታቢላይዘሩን ጎማዎችና የሞተሩን የኋላ መያዣ እዩ። እዚያው ላይ ያለቀ ጎማ እያያችሁ መልሳችሁ አትግጠሙ፤ ለደንበኛው ንገሩት፣ ገንዘብ ካጠረው እሱ ይወስን።

መመለስ

የቡሎኖቹን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ፣ የተበየዱትን ዳዶዎች ጥርስ በተገቢው የጥርስ ማውጫ (ታፕ) አጽዱ። ረጅም ቡሎን ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ሰብፍሬሙን ወደ ቦታው የሚመሩ ሁለት ዘንጎች ብታዘጋጁ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ዘንጎቹን በቦዲው ሁለት ቀዳዳዎች በሰያፍ በእጅ ትሰካላችሁ፤ ሰብፍሬሙ በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ቦታው ይወጣል። በመጨረሻ በእውነተኞቹ ቡሎኖች ትተኳቸዋላችሁ።

የመሪ ሳጥኑን ዝቅ ባለበት የፈታችሁት ከሆነ በዚያው ከፍታ መልሳችሁ እሰሩት። የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያ ከነጭ መስመሩ ጋር አገናኙ፤ አንድ ጥርስ ቢያልፍ መሪው ዘንበል ይላል፣ ያንን በቴስቲኒ ማስተካከል ደግሞ ስህተትን በስህተት መሸፈን ነው።

ሁሉም የሰብፍሬም ቡሎኖች በእጅ ጥቂት ጥርስ እስኪይዙ ድረስ አንዱንም በቁልፍ አታጥብቁ። በእጅ የማይገባ ቡሎን አቅጣጫው የተሳሳተ ነው። ከዚያ ሰብፍሬሙን በመፈንቀያ ወደ ቀለም ምልክቶቹ አምጡና በሰያፍ በሁለት ዙር አጥብቁ። የመጨረሻውን ጥብቀት ለመኪናችሁ በወጣው የፋብሪካ መመሪያ ላይ ካለው ቁጥር ውሰዱ፤ የሰብፍሬም ቡሎን በክንድ ስሜት አይጠበቅም።

የታችኛውን ክንድ ቀይራችሁ ከሆነ የቦኮላዎቹን ቡሎኖች አሁን በስሱ ብቻ ያዙ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ቦኮላው በዚያ ቦታ ይቆለፋል፤ መኪናው ሲወርድ የቦኮላው ላስቲክ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። የመጨረሻው ጥብቀት የሚሰጠው የመኪናው ክብደት ጎማዎቹ ላይ ሲያርፍ ነው። አዲስ ክንድ ገብቶ በስድስት ወር የተመለሰ መኪና ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

የተቀረው በወጣበት ቅደም ተከተል በግልባጩ ይመለሳል፤ መካከለኛው ብረት፣ የሞተሩ መያዣዎች፣ ቦል ጆይንት፣ ሊንክ። ከላይ ያለውን ሰንሰለት የምትፈቱት የታች መያዣዎቹ ከታሰሩ በኋላ ነው። ቴስቲኒ ፈትታችሁ ከነበረ ዳዶው በ49 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን፤ ያገለገለውን አጥፎ መመለስ በአንድ ሳንቲም የሰው ሕይወት መያዝ ነው። የጎማ ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ባትሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የመሪውን ቀበቶ ፍቱ። ቁልፉን ስትከፍቱ የአየር ከረጢቱ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ሞተሩን አስነሱ፤ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ ሌላ ሰው ከታች ሆኖ ቱቦና ሽቦ የሚነካካ እንዳለ ይመልከት። ማርሹን ፍሬን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታስገቡ ከታች የብረት ድምፅ ከሰማችሁ የሞተር መያዣ ላላ ነው፤ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን እዩ።

መኪናውን መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ በጠፍጣፋ መንገድ፣ ቀጥሎ በኮብልስቶን ላይ ንዱት። ከዚያ ተመልሳችሁ የሰብፍሬሙንና የቦል ጆይንቱን ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። ምልክቶቹ በትክክል ቢገናኙም መኪናውን ወደ አላይመንት (የጎማዎች አቅጣጫ ማስተካከያ) ላኩት፤ ወደዚያ ሲሄድ ግን የሠራችሁትን ነገር ለባለሙያው ንገሩት። መሪው ቀጥ ብሎ ንባቡ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ሰብፍሬሙ ቦታው ላይ ነው። በአንዱ ጎን የጎማው ዘንበል ማለት ወደ ውስጥ፣ በሌላው በተመሳሳይ መጠን ወደ ውጭ ካሳየ ሰብፍሬሙ ወደ ጎን ሄዷል። ያን ጊዜ ቴስቲኒ እንዳያስነኩ ከልክሉ፤ መኪናውን አንሱ፣ የሰብፍሬሙን ቡሎኖች አላሉ፣ ወደ ምልክቱ ግፉትና እንደገና አጥብቁ።